ከማሳመር በፊት ማትረፍ፦ በኮምፒውተር የተሠሩ ቀደምት የቪዲዮ ጥበብ ሥራዎችን እንዴት እንጠብቅ?

ይህን መመሪያ የምጽፈው በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ካሴት፣ ፍሎፒና ሲዲ ስገለብጥ ካካበትሁት ልምድ ተነሥቼ ነው። ሥራዎቹ የሚመጡልኝ ከኮተቤ፣ ከለገጣፎ፣ ከአቃቂና ከሌሎችም የከተማዋ ጫፎች በፌስታል ተቋጥረው ነው። ከሠሪዎቻቸው መካከል ብሩሻቸውን ለጊዜው አስቀምጠው ኮምፒውተር የሞከሩ ሠዓሊዎች አሉ፤ ቀን የሰርግ ቪዲዮ ሲያቀናብሩ ውለው ማታ በዚያው ኮምፒውተር የራሳቸውን ሥራ የሠሩም አሉ። እነዚህ የኋለኞቹ ራሳቸውን አርቲስት ብለው ስለማይጠሩ ሥራቸው ከሁሉ ቀድሞ ይጠፋል፤ ስለዚህ አሰባሰቡ ከእነርሱ ቢጀመር ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

የሥራው ሁሉ መሠረት ያለውን እንዳለ አስቀድሞ ማትረፍ፣ ማሳመሩን ለኋላ መተው ነው። ይህን የተማርሁት በራሴ ጥፋት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የሦስት ደቂቃ ሥራ ከቪኤችኤስ ገልብጬ፣ ከምስሉ ግርጌ የሚርመሰመሰውን ቀጭን መስመር እንደ ብልሽት ቈጥሬ ቆረጥሁት፤ ቀለሙንም አደመቅሁት፤ ከዚያም ኮራ ብዬ ለሠሪው አሳየሁ። አዛውንቱ ሁለት ጊዜ ካዩት በኋላ፣ «ልጄ፣ ጉንዳኖቹ የታሉ?» አሉኝ። በእርግጥ የዴኩ (የካሴት ማጫወቻው) ሁለት ሄዶች፣ ማለትም ምስሉን ከቴፑ የሚያነቡት ጫፎች፣ ሲፈራረቁ ከቪኤችኤስ ምስል ግርጌ ጥቂት የተዛባ መስመር ሁልጊዜ ይኖራል፤ እኔም ያ መስሎኝ ነበር። ለካስ ከዚያ ከፍ ብሎ፣ ከፊደል ቅንጣቶች የተሠራ የጉንዳን ሰልፍ ኖሯል። የዚያን ዘመን ቴሌቪዥን የምስሉን ጠርዝ ከፍሬሙ ሥር ስለሚደብቀው፣ ሰልፉ በቤት ቴሌቪዥን ላይ እንዳይታይ፣ ሙሉውን ምስል በሚያሳይ የስቱዲዮ ሞኒተር ላይ ብቻ እንዲገለጥ ታስቦ የተሠራ ነበር። ካሴቱን ገና ስላልመለስሁ እንደገና ገለበጥሁት።

ስለዚህ ካሴቱን ወደ ዴክ ከመክተትዎ በፊት ሠሪውን ያነጋግሩ፤ ንግግሩንም በስልክዎ ይቅረጹ። ሥራው በየትኛው ኮምፒውተርና በየትኛው ፕሮግራም ተሠራ? የታየው በቴሌቪዥን ነው ወይስ በፕሮጀክተር? አንድ ጊዜ ታይቶ የሚያልቅ ነው ወይስ እየተደጋገመ የሚሄድ? ድምፁ ከካሴቱ ነው ወይስ ለብቻው ከቴፕ ይለቀቅ ነበር? በእጅዎ ያለው ማስተሩ (የመጀመሪያው ዋና ቅጂ) ነው ወይስ የቅጂ ቅጂ? የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ ዋጋ አለው፤ የቪኤችኤስ ቅጂ በተገለበጠ ቁጥር ምስሉ እየሳሳ፣ ቀለሙም ከመስመሩ እየፈሰሰ ይሄዳል፤ ስለሆነም አንድ ሰዓት ፈጅቶ በአልጋ ሥር ማስተሩን መፈለግ በመቶ ሺህ ብር ዕቃ ከማረም ይበልጣል።

ቀኑን በተመለከተ አገራችን የራሷ ወጥመድ አላት። በካሴት ጀርባ ላይ «97» ተብሎ የተጻፈ ቁጥር በእኛ አቆጣጠር ከሆነ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2004 እስከ መስከረም 2005 ያለውን ጊዜ ያመለክታል፤ በፈረንጆቹ ከሆነ ግን ሥራው ሰባት ስምንት ዓመት ይቀድማል። በኮምፒውተር ጥበብ ታሪክ ውስጥ ይህ ልዩነት የትየለሌ ነው፤ መሣሪያው፣ ፕሮግራሙ፣ የሚቻለውና የማይቻለው ሁሉ በዚያ መካከል ተለውጧል። ጽሑፉን እንዳለ ይመዝግቡ፣ ፎቶ ያንሡት፣ ከዚያም ሁለቱንም አቆጣጠር ለይተው ይጻፉ። የዲጂታል ካሜራ ቀን በፈረንጆች የተሞላ መሆኑን፣ ሰዓቱም አንዳንዴ በእኛ አንዳንዴ በእነርሱ መስተካከሉን አይዘንጉ።

ዕቃውን መጠበቅ

ከሁሉ በፊት ማንም በስሕተት እንዳይቀዳበት ያድርጉ። የቪኤችኤስ ካሴትን በጀርባው በኩል ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ በመስበር፣ ሚኒዲቪን (ትንሹን የዲጂታል ካሜራ ካሴት) መቀያየሪያውን በመግፋት፣ የ3.5 ኢንች ፍሎፒን ደግሞ የማዕዘኗን ቀዳዳ በመክፈት ይቆልፏቸዋል።

ቀጥሎ የካሴቱን መስኮት ወደ ብርሃን አዘንብለው የቴፑን ጥቅል ጠርዝ ይመልከቱ። ጤነኛ ጥቅል ጥቁርና ለስላሳ፣ እንደ ሸክላ የሚያብለጨልጭ ነው። በላዩ ላይ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ነጭ ነገር ወይም የሸረሪት ድር የመሰለ ክር ካዩ፣ ወደ አፍንጫዎም የእርጥብ ምድር ቤት ሽታ ከደረሰ፣ ሻጋታ ነው፤ ያን ካሴት በፍጹም አያጫውቱት። ሻጋታው ዴኩን በክሎ ቀጥሎ ለሚገቡት ካሴቶች ሁሉ ይተርፋል። በወረቀት ፖስታ ለብቻው አድርገው፣ እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ባሉበት ደረቅ ሣጥን ውስጥ ያቆዩት፤ ጽዳቱንም አፍና አፍንጫን ሸፍኖ፣ ለዚያ ብቻ በተመደበ ዴክ የሚሠራ ሰው እንዲያከናውነው ይጠብቁ። በእኛ አካባቢ ይህ የሚብሰው በክረምት ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም የምድር ቤት ግድግዳ ስለሚያልበው ካሴት ከወለል ከፍ ብሎ፣ ከግድግዳም ራቅ ብሎ፣ እንደ መጽሐፍ ቆሞ ይቀመጥ። በታኅሣሥና በጥር ደግሞ ቀዝቃዛ ዕቃ ቤት ያደረ ካሴት ሞቅ ወዳለ ክፍል ሲገባ ጤዛ ስለሚቋጥር፣ ከመጫወቱ በፊት አንድ ቀን ሙሉ በክፍሉ ውስጥ ይዋል።

ቡና በሚቆላበትና ዕጣን በሚጤስበት ክፍል ውስጥ ዴክ አይክፈቱ። በፓል (በአገራችን የቴሌቪዥን ሥርዓት) የሚሠራ የቪኤችኤስ ዴክ ሄዶችን የተሸከመው ከበሮ በደቂቃ 1,500 ጊዜ ይዞራል፤ በሄዱና በቴፑ መካከል የምትገባ አንዲት የጢስ ቅንጣት ምስሉን ልታጠፋ፣ አልፎም ቴፑን ልትጭር ትችላለች። ባለቤቴ በዚህ ጉዳይ ላይ እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልተስማማችም፤ ስለዚህ እኔ የምሠራው ከቡናው በፊት ነው።

ዴክና መብራት

የመጨረሻው የቪኤችኤስ ዴክ አምራች የጃፓኑ ፉናይ ማምረቱን ያቆመው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 ነው፤ ከዚያ ወዲህ የሚገኘው ሁሉ አሮጌ ነው። ምናለሽ ተራ ገብቶ በትዕግሥት የሚፈልግ ሰው አሁንም ያገኛል፤ የዘመድ ቤት ዴክ ግን «ቆራሌው!» የሚለው ድምፅ በበሩ ከማለፉ በፊት ቢደረስበት ይመረጣል። ከተቻለ አንድ ዓይነት ሁለት ዴክ ይግዙ፤ አንዱ ለሌላው መለዋወጫ ይሆናል። ሄዱን የሚያጸዱት በ99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮልና ክር በማይተው ጨርቅ ነው፤ ጨርቁን በሄዱ ላይ ወደ ጎን እንጂ ወደ ላይና ወደ ታች አያንቀሳቅሱት፤ ጥጥ በፍጹም አይጠቀሙ፤ ክሩ ሄዱን ይዞ ይሰብረዋል። አረቄም አልኮል ነው ብሎ የሚሞክር አጋጥሞኛል፤ በውስጡ ያለው ውሃ ብዙ ነው፤ ለእንግዳ ይቆይ። ዴኩን መጀመሪያ በማያሳዝን አሮጌ የፊልም ካሴት ሳይፈትኑ ብቸኛውን ማስተር አያስገቡበት።

ዩፒኤስ ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ ኮምፒውተሩን ብቻ ይሰካበታል፤ በዚህ ሥራ ግን ቀድሞ የሚሰካው ዴኩ ነው። በጨዋታ መካከል መብራት ሲሄድ ቴፑ በከበሮው ላይ እንደተጠመጠመ ይቀራል፤ ኃይሉ ከፍና ዝቅ እያለ ሲመለስም ዴኩ ቴፑን ሊቀረጥፈው ይችላል። ከአሜሪካ በዘመድ እጅ የመጣ ዴክ ደግሞ የሚሠራው በ120 ቮልት ነው፤ ያለ ትራንስፎርመር ከእኛ 220 ጋር ባገናኘሁት ዕለት የወጣው ሽታ እስካሁን ከአፍንጫዬ አልጠፋም።

ከዚያው ከአሜሪካ የሚላኩ ካሴቶች የተቀዱት በኤንቲኤስሲ፣ በአሜሪካኖቹ የቴሌቪዥን ሥርዓት፣ ነው፤ ይህም 525 መስመርና በሰከንድ 29.97 ፍሬም ያለው ሲሆን፣ የእኛው ፓል ግን 625 መስመርና 25 ፍሬም ነው። ሁለቱንም የሚያጫውት ዴክ ይፈልጉ፤ ኤንቲኤስሲውን ወደ ፓል ሳይለውጡ በራሱ መጠን፣ በ720 በ480 ነጥብ ይቅዱት።

መገልበጥ

ዴኩ የኤስ-ቪዲዮ መውጫ ካለው በእርሱ ይጠቀሙ፤ ቢጫው ገመድ ብርሃኑንና ቀለሙን ቀላቅሎ ሲልክ፣ ቪኤችኤስ ግን ሁለቱን በቴፑ ላይ ለየብቻ ነው የሚይዛቸው። ምስሉ እንደ ባንዲራ የሚውለበለብ ከሆነ የጊዜ አስተካካይ መሣሪያ፣ ባለሙያዎች ቲቢሲ የሚሉት፣ ያስፈልጋል፤ ውድ ነው፤ አንዳንድ የዲቪዲ ሪኮርደሮች ምልክቱን በውስጣቸው በማሳለፍ ብቻ ብዙውን መንቀጥቀጥ ያረጋጋሉ።

ሲቀዱ 720 በ576፣ መስመሮቹ በፈርቅ እንደተፈራረቁ (ኢንተርሌስድ)፣ የኮምፒውተሩ መቅጃ ካርድ ከቻለ በ10 ቢት፣ ካልቻለ በ8 ቢት ይሁን። ድምፁን በ48 ኪሎኸርዝ ይያዙ፤ ራሱ ከፍና ዝቅ የሚያደርገውንም ማስተካከያ ያጥፉ። የፈርቁን ነገር አጥብቄ የምናገረው ምክንያት አለኝ። የፓል ምስል በሰከንድ 50 ግማሽ ምስል ነው፤ ጠንቃቃ የኮምፒውተር አኒሜተሮችም እንቅስቃሴውን ለእያንዳንዷ ግማሽ ለብቻ ያሠሩ ነበር፤ ዓይን በቴሌቪዥን ላይ የሚያየው ልስላሴ የሚመጣው ከዚያ ነው። ብዙ የዛሬ መቅጃ ፕሮግራሞች ግን ሳይጠይቁ ሁለቱን ግማሾች አዋሕደው 25 ያደርጓቸዋል፤ በዚህም የእንቅስቃሴው እኩሌታ ለዘለዓለም ይጠፋል። ቨርቹዋልደብ ወይም ኤፍኤፍኤምፔግ የተባሉት ፕሮግራሞች እንዲህ ያለውን ጣልቃ ገብነት እንድናስቀር ይፈቅዱልናል።

የማስተሩ ፋይል ኤፍኤፍቪ1 በሚባለው፣ ምንም መረጃ ሳይጥል በሚጨምቅ ኮዴክ (የቪዲዮ መጨመቂያ ዘዴ)፣ በማትሮስካ ማኅደር (ኤምኬቪ ፋይል) ውስጥ ቢቀመጥ ጥሩ ነው። ኮዴኩ ለሁሉም ክፍት ነው፤ አሠራሩም እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም አቀፍ የኢንተርኔት ሰነድነት ታትሟል፤ በውስጡም ብልሽትን የሚያስታውቅ መቈጣጠሪያ ቁጥር መያዝ ይችላል። ሳይጨመቅ በ10 ቢት የተቀዳ የአንድ ሰዓት ፓል ወደ 93 ጊጋባይት ይደርሳል፤ ኤፍኤፍቪ1 ይህን እንደ ምስሉ ግርግር ብዙ ጊዜ ወደ ግማሽ ወይም ከዚያ በታች ያወርደዋል። በስልክ ለማየትና ለመላክ ከእርሱ ኤምፒ4 ያውጡ፤ ኤምፒ4ቱን ግን ማስተር ብለው አይጥሩት። በሰው ሠራሽ አስተውሎት ማጥራትም ቢሆን በቅጂው ላይ እንጂ በማስተሩ ላይ አይደረግ፤ መሣሪያው የማያውቀውን ፊደል አይቶ የሌለ ፊደል ሲሥል በዓይኔ አይቻለሁ።

የሚኒዲቪ ጉዳይ ከዚህ ይቀላል። ምስሉ በካሴቱ ላይ ያለው በዲጂታል ስለሆነ፣ በቢጫው ገመድ ሳይሆን ፋየርዋየር በሚባለው የዳታ ገመድ እንደ ፋይል ይወጣል፤ አንድ ሰዓት ወደ 13 ጊጋባይት ይሆናል፤ እንደገናም መጨመቅ አያሻውም።

ቪሲዲ፣ ፍሎፒና የፊደል ነገር

በእኛ ከተማ ብዙ ሥራ የቀረው በቪሲዲ ነው። ቪሲዲ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ መስፈርት ሲሆን፣ የፓሉ ምስል 352 በ288 ብቻ ነው፤ ሆኖም ሌላ ቅጂ ከሌለ ማስተሩ እርሱ ነው። የተለመደው ስሕተት ቪዲዮውን የያዘውን የዳት ፋይል ከሲዲው ጎትቶ ሃርድ ዲስክ ላይ መጣል ወይም ዲስኩን በአይኤስኦ (በተራ ዳታ ዲስክ ቅጂ ፋይል) መያዝ ነው። የተራ ዳታ ሲዲ በእያንዳንዷ ክፍል 2,048 ባይት ሲይዝ፣ ቪሲዲ የቪዲዮውን ክፍሎች እስከ 2,324 ባይት ይሞላቸዋል፤ አይኤስኦ ለዚህ አልተበጀም። ሙሉውን ዲስክ በቢንና በኪው ፋይሎች (የዲስኩን ጥሬ ይዘትና አደረጃጀቱን በሚይዙት) ይያዙት፤ እንዲህ ሲሆን ምርጫ ማውጫውና የክፍሎቹ ቅደም ተከተል ሳይቀር ይተርፋል። የተጫረውን ዲስክ በሁለትና በሦስት የተለያዩ ማንበቢያዎች ይሞክሩ፤ አንዱ እምቢ ያለውን ሌላው ያነበዋል። በዲስኩ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ካለ አይላጡት፤ መረጃውን የያዘው ሽፋን አብሮ ይላጣልና።

ፍሎፒና አሮጌ ሃርድ ዲስክ ሲገኝ በውስጡ ያሉትን ፋይሎች እየከፈቱ ከመፈተሽ በፊት ዲዲሬስኪው በተባለው ፕሮግራም ሙሉ ቅጂ ይውሰዱ፤ ፍተሻው በቅጂው ላይ ይሁን። በውጭ አገር ሲማሩ አሚጋ በተባለው የድሮ ኮምፒውተር የሠሩ ሰዎች ፍሎፒ ተራው የዩኤስቢ ማንበቢያ አያነበውም፤ 880 ኪሎባይት የሚይዝበት አሠራር ከፒሲው የተለየ ነው፤ ለዚህ ግሪስዊዝል የሚባለው አነስተኛ ሰሌዳ ከመደበኛ የፍሎፒ ድራይቭ ጋር ተገናኝቶ ይሠራል።

የፕሮጀክት ፋይል ከተገኘ ፊደሉን አብረው ይፈልጉ። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን በሚለዩበት የጋራ ሥርዓት) የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት፣ በልማድም ከዚያ ብዙ ዓመታት በኋላ፣ ርእሶች የሚጻፉት በፓወር ግዕዝ፣ በቪዥዋል ግዕዝና በመሰሎቻቸው ነበር፤ እነዚህም ፊደላችንን በላቲን ፊደላትና ምልክቶች ቦታ ያስቀምጡ ነበር። አንዲት የኮተቤ ሴት የሠራችውን የአምስት ደቂቃ አኒሜሽን ፕሮጀክት ስከፍት፣ «እናት» መባል የነበረበት ርእስ የቅንፍ፣ የጭረትና የላቲን ፊደል ዝባዝንኬ ሆኖ ወጣ። ፊደሉ ያለው በአሮጌው ኮምፒውተሯ የፎንት ማኅደር ውስጥ ነበር፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ የልጇ የዶሮ ቤት መደገፊያ ሆኗል። ሃርድ ዲስኩን አውጥተን ፎንቱን ስንጭነው ርእሱ በቦታው ገባ። ስለዚህ ከፕሮጀክቱ ጋር ፎንቱን፣ ተጨማሪ ማጣሪያዎችንና የፕሮግራሙን ስም ከነቁጥሩ ያስቀምጡ፤ ርእሱ በትክክል ሲነበብም በቪዲዮ አውጥተው አንድ ቅጂ ይያዙ።

በዶስ ዘመን (ከዊንዶውስ በፊት) አውቶዴስክ አኒሜተር በተባለው ፕሮግራም የተሠሩ ፋይሎችን ኤፍኤፍኤምፔግ ይከፍታቸዋል፤ ሆኖም 320 በ200 የሆነው ምስል በጊዜው ሞኒተር ላይ ወደ 4 ለ 3 ይለጠጥ ስለነበር፣ ዛሬ እንዳለ ሲታይ ክብ የነበረው ሁሉ ጠፍጣፋ ይሆናል። ማስተሩን አይለጥጡት፤ መለጠጡን በመዝገቡ ይጻፉና በማሳያ ቅጂው ላይ ይተግብሩት። ፋይል ሳይሆን ፕሮግራም ሆኖ የተሠራን ሥራ ደግሞ የዶስን ኮምፒውተር በሚተካው ዶስቦክስ በተባለ ፕሮግራም ያስነሡት፤ ፍጥነቱን በኮምፒውተሩ አቅም የሚወስን ፕሮግራም በዛሬ ማሽን ላይ እንደ እብድ ስለሚሮጥ፣ ትክክለኛውን ፍጥነት ሠሪው አጠገብዎ ተቀምጦ ይወስን። አዶቤ ኩባንያ የድረ ገጽ አኒሜሽን ማጫወቻውን ፍላሽን እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ስላቆመው፣ የፍላሽ ሥራዎች አሁን የሚከፈቱት እንደ ራፍል ባሉ ተኪዎች ነው።

ከአንድ በላይ ስክሪን ያለው ሥራ ሲሆን ፋይሎቹ ብቻ ሥራው አይደሉም። ልጅነቱን በከፊል በአዲስ አበባ ያሳለፈው የቪዲዮ አርቲስት ቴዎ እሸቱ ስለ አክሱም ሐውልት መመለስ እ.ኤ.አ. በ2009 ያቀረበው ሥራ 15 ስክሪን ነበረው፤ እንዲህ ባለው ሥራ የስክሪኖቹ አቀማመጥ፣ የርቀታቸው ልክና አብረው የሚነሡበት ቅጽበት ካልተጻፈ የተረፈው ቁርጥራጭ ነው። ሥዕላዊ ንድፍ ይሣሉ፤ ቦታውን ይለኩ። አሮጌ ቴሌቪዥን ከተገኘም ሥራውን በእርሱ ላይ ያጫውቱና በካሜራ ይቅረጹ፤ የካሜራውን መዝጊያ በ1/50 ሰከንድ ቢያደርጉት ጥቁሩ ጥላ በምስሉ ላይ አይንከባለልም።

መዝገብ፣ ፈቃድና ማስቀመጫ

የፋይል ስም በላቲን ፊደልና በቁጥር አጭር ይሁን፤ አማርኛው ርእስ በመዝገቡ ውስጥ ይቀመጥ። ርእሱን ሠሪው በጻፈበት ሆሄ ይጻፉት፤ «ሥዕል»ን «ስዕል» ብሎ የጻፈ ሰው ሊታረም አይገባውም፤ ፈላጊው እንዲያገኘው ግን ሌላውን አጻጻፍ በተጨማሪ መስክ ይመዝግቡ።

ፈቃድ በጽሑፍ ይሁን። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የሠሪው የኢኮኖሚ መብት ለብዙ ዓመታት ይጸናል፤ ስለዚህ ለመጠበቅ መገልበጥን፣ በአደባባይ ማሳየትንና በኢንተርኔት መጫንን ለየብቻ ጠይቀው ያስፈርሙ። ሦስቱን በአንድ ፊርማ የሚያጠቃልል ወረቀት አልወድም፤ ለመጀመሪያው እሺ የሚል ሰው ለሦስተኛው እንቢ ሊል ይችላል፤ መብቱም ነው። ካሴቱ ከተገለበጠ በኋላ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ እንዳይጥለውም ይነገረዋል።

ከእያንዳንዱ ማስተር ሦስት ቅጂ ይኑር፤ ሁለቱ በተለያዩ ሃርድ ዲስኮች፣ አንዱም በሌላ ሰፈር። በስልክ ዳታ ይህን ያህል ጊጋባይት መጫን ኪስ የሚያራቁት ስለሆነ፣ የእኔ ሦስተኛ ቅጂ በሃርድ ዲስክ ሰበታ እኅቴ ቤት ተቀምጧል። ለየፋይሉ የኤስኤችኤ-256 ቁጥር አውጥተው ከፋይሉ ጋር ያስቀምጡ፤ ፋይሉ በአንዲት ቢት እንኳ ቢለወጥ ቁጥሩ አይገጥምም። ማመሳከሪያውን የማካሂደው በየዓመቱ በጳጉሜን ነው፤ ቀኖቹ ጥቂት ናቸው፣ የሚረሱም አይደሉም። ባለፈው ጳጉሜን የአንድ የሰርግ ቪዲዮ አቀናባሪ ሥራ ቁጥሩ አልገጠመም፤ ሰበታ ሄጄ ሦስተኛውን ቅጂ አመጣሁና መለስሁት፤ የተበላሸውንም ሃርድ ዲስክ በዚያው ሳምንት ለወጥሁ።